ቋንጣ በግራም፦ ታፔላ የሌላት የፒያሳዋ ቤት

መጀመሪያ ስለ ሚዛኑ ልንገራችሁ። 32 ዓመት ሒሳብ ክፍል ውስጥ የኖርኩ ሰው ነኝ። ጡረታ ስወጣ ሥራው ለቀቀኝ፤ አመሉ ግን አልለቀቀኝም። ልጄ ኬክ ልጋግርበት ብላ የገዛቻትን ትንሽ የወጥ ቤት ሚዛን ወረስኳት። ኬኩ አልተጋገረም። እኔ ግን ቡና እመዝናለሁ፣ ምስር እመዝናለሁ፣ ቅቤ እመዝናለሁ። ቋንጣ ሲሆን ደግሞ ይብስብኛል። ምክንያት አለኝ።

ባለፈው ዓመት ጥቅምት ላይ ከአንድ ሱፐርማርኬት፣ ስሙ ይቅር፣ ግማሽ ኪሎ ቋንጣ ገዛሁ። በላስቲክ የታሸገ፣ ዓይን የሚገባ ነው። ቤት ገብቼ መዘንኩት። ልክ 500 ግራም። ጎበዝ አልኩ። ላስቲኩን ስከፍት ግን እጄ ላይ ለጠፍ አለ። አንዱን ዝልዝል ጫፍና ጫፉን ይዤ አጠፍኩት። እንደ ቀበቶ ታጠፈ። ቋንጣ እንደ ቀበቶ ከታጠፈ ገና ቋንጣ አልሆነም። ወጥ ቤቴ ውስጥ ገመድ ወጥሬ ሰቀልኩት። በአምስተኛው ቀን አውርጄ ብመዝነው 410 ግራም። 90 ግራም ውሃ በሥጋ ዋጋ ገዝቻለሁ ማለት ነው።

ልጄ ሚዛኑን ስታይ ራሷን ነቀነቀች። «አባዬ፣ ሰው ቋንጣ ይበላል፤ አንተ ኦዲት ታደርጋለህ።»

ትሳቅ። የገንዘቡ ነገር ያንገበግባል፤ ዋናው ግን እሱ አይደለም። ሥጋን የሚያበላሸው በውስጡ ያለው ውሃ ነው። ጮማ የሌለው ቀይ ሥጋ ከመቶ 70 እጅ ያህሉ ውሃ ነው። ማድረቅ ማለት ሻጋታውና ባክቴሪያው የሚኖርበትን ውሃ መንሳት ነው። ጨውም ለጣዕም ብቻ አይገባም፤ ውሃውን ስቦ ያወጣል። እንግዲህ በቅጡ ያልደረቀ ቋንጣ ላስቲክ ውስጥ ታሽጎ መደርደሪያ ላይ ሲቀመጥ፣ ውስጥ ለውስጥ ምን እየሆነ እንደሆነ አስቡት።

ከዚያ በኋላ ደህና የቋንጣ ቤት ፍለጋ ጀመርኩ። ያገኘሁት ከቤቴ በእግር 15 ደቂቃ የማይሞላ ቦታ ሆነ። የምኖረው አራት ኪሎ ነው። ከአራት ኪሎ ወደ ራስ መኮንን ድልድይ ወርዳችሁ ወደ ፒያሳ ስትወጡ፣ ዋናው መንገድ ላይ ሳይሆን ወደ ውስጥ ገባ ብሎ አንድ ቅያስ አለ። ቤቷ እዚያ ናት። ታፔላ የላትም። ሰው «የቋንጣዋ ሴትዮ ጋ» ነው የሚለው። ባለቤቷ ድሮ የምትሠራው እዚያው ፒያሳ፣ ዶሮ ማነቂያ ሰፈር ነበር። በ2016 ፒያሳ ሲፈርስ እሷም እንደ ሌላው ዕቃዋን ሸክፋ ወጣች። ደንበኞቿ የከተማው ዳር ዳር ተበትነዋል። ቢሆንም ቅዳሜ ቅዳሜ ሁለት ታክሲ ይዘው የሚመጡ አሉ። አንዷን አግኝቼ ለቋንጣ ይህን ያህል መንገድ ለምን ብላት፣ «ለቋንጣው ብቻ መሰለህ? ሰፈሬን ላይ ነው እንጂ» አለችኝ። የትኛውን ሰፈር እንደምታይ አልጠየቅኳትም።

የመጀመሪያው ቀን እንዲህ ነበር።

«ጋሼ፣ ምን ልስጥዎት?»

«ቋንጣ። ግን መጀመሪያ ልጠፈው።»

ሳቀች። ሰው ሁሉ «ልቅመሰው» ነው የሚላት። ከገመዱ አንዱን አውርዳ «እንኩ» አለችኝ። አጠፍኩት። ቀጭ ብሎ ተሰበረ። ስብራቱን ወደ በሩ ብርሃን አዙሬ አየሁት። ከዳር እስከ ዳር አንድ ዓይነት ጥቁር ቀይ ነው። መሀሉ ላይ ደመቅ ያለ፣ ለስላሳ መስመር የለውም። ያ መሀል ላይ የሚቀር መስመር ነው ውሸታሙን የሚያጋልጠው። ላይ ላዩ ቶሎ ደርቆ ውስጡ እርጥብ የቀረ ቋንጣ በእጅ ስትነኩት ደረቅ ይመስላል። መሰበር አለበት።

ቀጥሎ አሸተትኩት። ደህና ቋንጣ የሚሸተው በርበሬ፣ ሥጋና ትንሽ ጭስ ነው። ከዚህ ሌላ የቆየ ዘይት የሚመስል ሽታ ካለው ጮማው አልወጣለትም ማለት ነው። ጮማ እንደ ቀይ ሥጋ አይደርቅም፤ እየቆየ ይሸታል። ለዚህ ነው ለቋንጣ ጮማ የሌለው ቀይ ሥጋ የሚመረጠው። ጥሬ ሥጋ ላይ ጮማ ጨምርልኝ የምንል ሰዎች፣ ቋንጣ ላይ ተቃራኒውን መጠየቅ አለብን።

አንድ ነገር ደግሞ ብዙ ሰው ያሳስታል። ቋንጣው ላይ ነጭ ነገር ታዩ ይሆናል። ሁሉም ነጭ ሻጋታ አይደለም። ሥጋው ሲደርቅ ጨው ወደ ላይ ይወጣና እንደ አመዳይ ይሆናል። በጣት ስትዳስሱት ሻካራ ነው፤ በረጠበ ጣት ስታብሱት ይሟሟል። ሻጋታ ግን ጸጉራም ነው፤ ወደ አረንጓዴም ያደላል፤ የምድር ቤት ሽታ አለው። እሱን ፍቄ እበላለሁ አትበሉ። ይጣል።

በሦስተኛው ቅዳሜ ጓሮዋን አሳየችኝ። እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ የቤቷ ነገር ያለው እዚያ ነው። በቆርቆሮ ጥላ ሥር አራት የናይሎን ገመድ ተወጥሯል። ገመዶቹን እንዳለ የሸፈናቸው ምን እንደሆነ ገምቱ። የአልጋ አጎበር! ነጩ ዓይነት። ዳር ዳሩን በድንጋይ ይዛዋለች። ዝንብ ከውጭ ይዞራል፤ መግቢያ የለውም። «ጋሼ፣ ድሮ ማዕድ ቤት ውስጥ ጭሱ ነበር ዝንቡን የሚያባርረው። አሁን እኔ በኤሌክትሪክ ነው የምሠራው፤ ጭስ ከየት ይምጣ?» አለችኝ። እውነቷን ነው። እናቶቻችን ቋንጣውን ከምድጃው በላይ የሚሰቅሉት ቦታ ጠቧቸው አይደለም። ሙቀቱ ያደርቃል፣ ጭሱ ዝንብ ያርቃል፣ ሽታም ይሰጣል።

ሥጋውን የምትዘለዝለው ራሷ ናት። ቢላዋውን ወደ ራሷ እየሳበች፣ ሥጋውን እየገለበጠች፣ አንድ ኪሎው ሳይበጠስ እንደ መቀነት ይረዝማል። ውፍረቱ ከትንሽ ጣቴ ያነሰ ነው። ጨው፣ በርበሬና ቁንዶ በርበሬ ታሸዋለች። አንድ ሌሊት ያድራል፤ ውሃውን ይተፋል። ከዚያ ይሰቀላል። በበጋ ስድስት ሰባት ቀን ይበቃዋል። አዲስ አበባ 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት። ዝናቡ ካለፈ በኋላ ያለው ፀሐይና ደረቅ ነፋስ ለዚህ ሥራ የተፈጠረ ነው። ከመስቀል በዓል በኋላ የተሰቀለ ቋንጣ ምርጡ ነው ትላለች። በክረምት ውጭ አትሰቅልም። በመጨረሻው ቀን ወይራ ታጥነዋለች፤ ልክ የወተት ዕቃ እንደሚታጠነው። ብዙ አይደለም፤ ሁለት ሰዓት ያህል። ሽታው ወደ ቅያሱ ሲወጣ መንገደኛው አፍንጫውን ቀና ያደርጋል።

ዋጋዋ ቅናሽ አይደለም። መጀመሪያ ስሰማ ደንገጥ ብዬ ነበር። ኋላ ግን የለመድኩትን ስሌት ሠራሁ። 3 ኪሎ ገደማ ጥሬ ሥጋ ደርቆ 1 ኪሎ ይሆናል። ስለዚህ የአንድ ኪሎ ቋንጣ ዋጋ ከሥጋው ዋጋ ሦስት እጥፍ ቢጠጋ ሻጩ አልዘረፋችሁም። እንዲያውም ድካሙን ቆጥራችሁ ከሦስት እጥፍ ከፍ ቢል ነው ደንቡ። ተጠራጠሩ የምላችሁ ሲረክስ ነው። ሁለት እጥፍ ብቻ ከሆነ ወይ ሥጋው ሌላ ነው፣ ወይ ውሃው አልወጣም። የኔ የሱፐርማርኬት ቋንጣ ርካሽ ነበር፤ መጨረሻውን ነግሬያችኋለሁ።

አሁን ወደ ጨው እንምጣ። ደም ብዛት አለብኝ። ባለፈው ዓመት ስለካ 155 በ95 ነበርኩ። ሐኪሟ መድኃኒቱን ጽፋ ስታበቃ ስለ ምግቤ ጠየቀችኝ። ቋንጣ እንደምወድ ስነግራት እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው የሚመክረው በቀን ከ5 ግራም በታች ጨው ነው። አንድ የሻይ ማንኪያ ገደማ ነው፤ እሱም ከወጡም፣ ከዳቦውም፣ ከሽሮውም ተደምሮ።

ቅዳሜ ሄድኩና ጠየቅኳት። «እታለም፣ ለአንድ ኪሎ ሥጋ ስንት ጨው ነው የምታደርጊው?»

«እፍኝ ነዋ!»

«የማን እፍኝ?»

ይኼን ጥያቄ ሰው ጠይቋት አያውቅም። በሚቀጥለው ቅዳሜ ሚዛኔን በፌስታል ይዤ ሄድኩ። የሷ እፍኝ 40 ግራም ሆነ። አብሯት የሚሠራው ጎረምሳ እጁ ሰፊ ነው፤ የሱ እፍኝ 62 ግራም ሆነ። ሁለቱም ተያዩ። «ለዚህ ነዋ አንዳንዴ በዛብን የሚሉኝ!» አለች። እስኪ አብረን እናስላ። ሦስት ኪሎ ሥጋ አንድ ኪሎ ቋንጣ ከሆነ፣ በሷ እጅ በኪሎ ቋንጣ 120 ግራም ጨው አለ። በልጁ እጅ 186 ግራም። ሲያድር ከውሃው ጋር የሚንጠባጠበውን ትቼ ነው። እኔ በአንድ ገበታ የምበላው 30 ግራም ቋንጣ ነው። ከሷ ከሆነ 3.6 ግራም ጨው በላሁ። ከልጁ ከሆነ 5.6። የቀኑ ሙሉ ድርሻ በአንድ ፍርፍር አለቀ፤ ያውም እንጀራውና በርበሬው ሳይቆጠር።

ተደራደርን። ለኔ በኪሎ 20 ግራም እንድታደርግልኝ ተስማማን። ቅድመ ሁኔታዋ ሦስት ነበር። «ከ3 ኪሎ ጥሬ ሥጋ በታች አያዙኝም፤ ቶሎ እንዲደርቅ ከወትሮው ቀጠን አድርጌ እዘለዝላለሁ፤ በክረምት አልሠራም» አለችኝ። ጨው ሲቀንስ ሥጋው የመበላሸት ዕድሉ ይጨምራልና ልክ ናት። እኔም ፍሪጅ ውስጥ እንደማስቀምጥ ቃል ገባሁ። አሁን 30 ግራሜ 1.8 ግራም ጨው ነው ያለው። ከጥቂት ወራት በኋላ ሌላ ደንበኛ መጥቶ «እስቲ ያን የደም ብዛቱን ስጪኝ» ሲላት ሰማሁ። ስም ወጥቶለታል።

ጤና ጤና ካልን አይቀር የማይጥም ነገርም አለ። የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ክፍል እንደ ፈረንጆቹ በ2015 ዓ.ም. በጨው፣ በጭስና በመሳሰለው ተዘጋጅቶ የሚቆይ ሥጋን ካንሰር ከሚያመጡት ጎራ መድቦታል። በየቀኑ 50 ግራም መብላት የትልቁ አንጀትን ካንሰር አደጋ በ18 በመቶ ያህል ይጨምራል ብሏል። ልብ አድርጉ፤ በየቀኑ ነው የሚለው። የጾም ቀን ለሚጾም ሰው ረቡዕና አርብ ቀድሞውኑ ወጥተዋል። ዐቢይ ጾም ብቻውን 55 ቀን ነው። እኔ ቋንጣን በሳምንት ሁለቴ አድርጌዋለሁ። ከዚያ በላይ ሲያምረኝ ገመዱን አላይም።

ነገሩን የፈታልኝ ግን የእናቴ ዘዴ ነው። እናቴ፣ ነፍሷን ይማርና፣ በወጣትነቷ ፒያሳ አጠገብ ጣሊያኖች ቤት ምግብ አብሳይ ነበረች። ወጥ ቤቱ ውስጥ በጭስ የደረቀ የአሳማ ሥጋ ተሰቅሎ ይውላል። እሷ በአፏ አታስጠጋውም፤ እኛ አገር ክርስቲያኑም እስላሙም እንደማይነካው ታውቃላችሁ። ወጡን ሳትቀምስ በማሽተት ብቻ ነበር ጨው የምትመጥነው። አሠሪዋ ጣሊያናዊት ምን ታደርግ እንደነበር እናቴ ደጋግማ ነግራናለች። ከዚያ ሥጋ በጣት ልክ ቆርጣ፣ እንደ ጥራጥሬ ከትፋ፣ ድስት ሙሉ ነጭ ቦሎቄ ታበስልበታለች። ለስድስት ሰው! «እኛ ሥጋውን ለሥጋነቱ እንበላለን፤ እነሱ ለቅመም ያደርጉታል» ትል ነበር እናቴ። ወደ ቤቷ ስትመለስ ያንኑ በቋንጣ ሠራችው።

እንግዳ ነገርም አይደለም። ቦዘና ሽሮ ምንድን ነው? ድስቱ ሙሉ ሽሮ፣ ሥጋው ጥቂት። ጎመን በሥጋም ያው ነው። ሞያው ድሮም እጃችን ላይ ነበር። ቋንጣውን ሳህን ሙሉ ማድረግ የጀመርነው ምግብ ቤት ስናበዛ ይመስለኛል።

ቦሎቄ በቋንጣ የምሠራው እንዲህ ነው። 300 ግራም ቦሎቄ ውሃ ውስጥ ተነክሮ ያድራል። በማግሥቱ ውሃውን ደፍቼ በአዲስ ውሃ እቀቅለዋለሁ። ትዕግስት ይፈልጋል። እኛ ከተማ ውሃ የሚፈላው በ100 ዲግሪ ሳይሆን በከፍታው ምክንያት በ92 ገደማ ነው፤ ባቄላም ቦሎቄም ለዚህ ነው እሺ የማይለው። ውጭ አገር ያለች እህቴ በስልክ «ባንድ ሰዓት ይደርሳል» ስትለኝ እስቃለሁ። ቋንጣውን፣ 60 ግራም ለአራት ሰው፣ ለ20 ደቂቃ በቀዝቃዛ ውሃ እነክረዋለሁ። ውሃው ቀይ ይሆናል፤ ከጨውም ከበርበሬም ትንሽ ይዞ ይሄዳል። ይደፋ። አያሳዝናችሁ። ከዚያ ሥጋውን በመቀስ፣ አዎ በመቀስ፣ እንደ ምስር ፍሬ አደቅቀዋለሁ። ቢላዋ ያንሸራትታል።

ሁለት ቀይ ሽንኩርት ያለ ዘይት አቁላላለሁ። ጭማቂውን ጨርሶ ቡናማ ሲሆን ሁለት ማንኪያ ዘይትና የደቀቀው ቋንጣ ይገባል። በዚህች ቅጽበት ሽታውን ብትሰሙት! ወይራው ራሱ ይነሳል። ነጭ ሽንኩርት፣ ትንሽ ዝንጅብል፣ ሁለት ቲማቲም። ከዚያ የተቀቀለው ቦሎቄ ከነመረቁ። ለግማሽ ሰዓት በዝግታ። ሲወጣ ቁንጥር ኮረሪማ። ጨው የለም። አንድ ፍሬ አልጨምርም። ቋንጣው ራሱ ጨው ይሰጠዋል። ልጄ ለመጀመሪያ ጊዜ ስትቀምሰው «ስንት ሥጋ አደረግክበት?» አለችኝ። 15 ግራም በሰው። ሚዛኑን አሳየኋት።

ፍርፍሩንም አልተውኩም፤ ሰው ነኝ። ለሁለት ሰው 60 ግራም ቋንጣ፣ ሦስት ሽንኩርት፣ ሁለት እንጀራ። እንጀራው የትናንት ቢሆን ይመረጣል፤ ትኩሱ ይላቁጣል። ልዩነቱ በርበሬው ላይ ነው። ከገበያ የተገዛ በርበሬ ላይ አብዛኛውን ጊዜ ጨው አለበት። ሚጥሚጣም እንዲሁ። ስለዚህ ፍርፍር ስትሠሩ ጨው ከሦስት ቦታ ይመጣባችኋል፤ ከቋንጣው፣ ከበርበሬውና ከእጃችሁ። የእጃችሁን ተዉት። ንጥር ቅቤውን መጨረሻ ላይ ግማሽ ማንኪያ ጣል ካደረጋችሁ ሽታው ይበቃል።

ቋንጣውን ሳያበስል መቆርጠም የሚወድ አለ። እኔም ነበርኩ፤ ፊልም እያየሁ ስንቱን ጨርሻለሁ። አሁን ትቼዋለሁ። ማድረቅ ማብሰል አይደለም። ጥሬ ሥጋ ውስጥ ያለ የኮሶ ትል ጨውና ነፋስ አይቶ ይሞታል ብሎ ዋስ የሚሆነኝ የለም። ድስት ውስጥ በደንብ ይንተክተክ።

ስለ ማስቀመጥ የማወራው አፍሬ ነው። ሐምሌ ላይ ከሷ የገዛሁትን ግማሽ ኪሎ ምርጥ ቋንጣ፣ በሰጠችኝ ፌስታል እንደተቋጠረ ቁምሳጥን ውስጥ ከተትኩት። «ጋሼ፣ ቤት ሲገቡ ያውጡት» ብላኝ ነበር። ጆሮ ዳባ ልበስ አልኩ። በ12ኛው ቀን ስፈታው ፌስታሉ ከውስጥ አልቦታል። ቋንጣው አረንጓዴ ጢም አብቅሏል። ግማሽ ኪሎ ማለት አንድ ኪሎ ተኩል ሥጋ ማለት ነው። ሁሉም ወደ ቆሻሻ። ለልጄ አልነገርኳትም፤ ይኼን ስታነብ ትወቅ።

ፌስታል አያስተነፍስም። በበጋ ከሆነ በጨርቅ ከረጢት ወይም በወረቀት ጠቅልላችሁ፣ ነፋሻና ጨለም ያለ ቦታ ስቀሉት። በክረምት ግን ክዳኑ በሚገጥም የብርጭቆ ማሰሮ አድርጋችሁ ፍሪጅ ውስጥ። እኔ በ60 ግራም በ60 ግራም በወረቀት ጠቅልዬ፣ ወረቀቱ ላይ ቀን ጽፌ፣ ማሰሮው ውስጥ እደረድራለሁ። ከሁለት ወር በላይ የሚቆየውን በረዶ ቤቱ ውስጥ እከተዋለሁ። ከበረዶ ቤት ስታወጡት ማሰሮውን ወዲያው አትክፈቱ። እስኪሞቅ ጠብቁ፤ ካልሆነ የአየሩ እርጥበት ሥጋው ላይ ያርፍና እንደገና ታርሱታላችሁ። መብራት ሲጠፋ አትደንግጡ። በእውነት የደረቀ ቋንጣ መብራት ሳይኖር ስንት ዘመን የኖረ ምግብ ነው።

በፈረንጅ ዕቃ ቤቶች በጭስ የደረቀውን የአሳማ ሥጋ የምትገዙ ካላችሁም ምክሬ ብዙ አይለይም። ጠንከር ያለ፣ ውሃ ያልቋጠረ ማሸጊያ ምረጡ። በጭስ ገብቷል ማለት በስሏል ማለት እንዳይመስላችሁ፤ ማሸጊያው ላይ ያለውን አንብቡ። ጥቂቷን ከብዙ ጥራጥሬ ጋር። የእናቴ አሠሪ ታደርገው የነበረው ያን ነው።

አሁን ቅሬታዬን ልናገር፤ ሴትዮዋንም ነግሬያታለሁ። ደረሰኝ የለም። ሦስት ጊዜ ጠየቅኩ፤ ሦስቴም «እሺ ጋሼ» አለችኝ። ፌስታሉ ላይ የተሰቀለበት ቀን አይጻፍም። እሷ በቃሏ ታውቀዋለች፤ እኔ ግን ወደ ቤት ስወስደው በምን ልወቅ? ሚዛኗ ፊቱን ወደሷ ያዞረ ነው። አታጭበረብርም፤ ሁሌም ቤት መዝኜ ከ5 ግራም በላይ ልዩነት አግኝቼ አላውቅም። ቢሆንም ወደ ገዢው ይዙር። ልጁ ብቻውን ያለ ቀን ጨው ይበዛል፤ ከሚዛኑ ነገር በኋላ ግን አንድ የሻይ ብርጭቆ ላይ በቀለም መስመር አስምራለታለች። ቴሌብር ትቀበላለች። ጠዋት የሚሸጠው ያለቀ እንደሆነ ከሰዓት መሄድ ዋጋ የለውም።

እንግዲህ ከሄዳችሁ የጨርቅ ከረጢት ያዙ። «የደም ብዛቱን» የምትፈልጉ ከሆነ ከ10 ቀን በፊት ማዘዝ አለባችሁ፤ ቀብድ ትወስዳለች። ረቡዕና አርብ አትልፉ፤ ዝግ ነው። ቅዳሜ ከ3 ሰዓት በፊት ከደረሳችሁ ደግሞ በሩ ላይ ሚዛን በፌስታል የያዘ ሽማግሌ ታያላችሁ። ተራዬን እንዳትወስዱ።